የላላ ቀለበት የሚፈሩት ሰው

ድንኳኑ ውስጥ ማይክ የያዘው ሰውዬ “ጋሽ ሻወኖ ፍርሃት የሚባል ነገር ሳያውቁ ኖረው ያለፉ ጀግና ነበሩ” ሲል፣ ተነሥቼ “ውሸት ነው” ለማለት ምንም አልቀረኝም ነበር። ለቅሶ ቤት ነውና ዋጥ አደረግኩት። ባለቤታቸው እትዬ ወርቅነሽ ከፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን ከአፋቸው ሳያነሡ ቀና ብለው አዩኝ፣ እኔም አየኋቸው። ሰውዬው ግን የአንገቱ ሥር ተገታትሮ ቀጠለ። አንበሳ ገዳይ፣ ልበ ሙሉ፣ ጫካ የማይበግራቸው እያለ ሄደ። ጋሽ ሻወኖ ይህን ቢሰሙ ኖሮ ወደ ጎረቤታቸው ጠጋ ብለው “የማን ለቅሶ ነው?” ብለው ይጠይቁ ነበር።

እውነቱን እኔ ልናገር። ጋሽ ሻወኖ ቦንጋ ውስጥ ካየኋቸው ሰዎች ሁሉ የመጨረሻው ፈሪ ነበሩ። ይህን የምለው ላቃልላቸው አይደለም። እኔን ከአንበሳ አፍ ያወጣኝ የእሳቸው ፍርሃት ነው። ማይክ የያዘው ሰውዬ እንደሚላቸው ዓይነት ሰው ቢሆኑ ኖሮ፣ እኔም ያኔውኑ ድንኳን ተተክሎልኝ ነበር።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ከደሴ ተመድቤ ቦንጋ ስመጣ የዱር እንስሳት ጥበቃው ክፍል ውስጥ አገኘኋቸው። እሳቸው የጠባቂዎቹ፣ እኛ ስካውት የምንላቸው ሰዎች፣ አለቃ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲሄዱ በየጥቂቱ ወደ ኋላቸው የሚገላመጡ ሰው። ባጃጅ አይሳፈሩም። “በርጩማም ሦስት እግር አለው፤ በርጩማ ግን አይሮጥም” ይላሉ። ወደ ደካ በሚኒባስ ስንሄድ ከመሳፈራቸው በፊት የጎማዎቹን ብሎኖች አንድ በአንድ በአውራ ጣታቸው እየነኩ መኪናውን ይዞሩታል። ረዳቱ ይጮኽባቸዋል፣ ተሳፋሪው ይስቃል፣ እሳቸው ሳይጨርሱ አይገቡም። አንድም ቀን ላልቶ የተገኘ ብሎን አላየሁም። ምንም ሳይገኝ ሲቀር ፊታቸው ፈካ ብሎ ይሳፈራሉ፣ ትንሽ ቆይተው ደግሞ ስለ ፍሬኑ ማሰብ ይጀምራሉ።

ቢሮ ውስጥ “ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል” እያሉ ይተርቧቸው ነበር። አይናደዱም። “ልክ ነው፣ እኔን ያልበኛል” ብለው ግንባራቸውን ይጠርጉ ነበር። “ፈሪ ለእናቱ” ሲሏቸው ደግሞ “እናቴ አርጅታ ሞተች፤ አንድ ቀንም አላስለቀስኳትም” ይላሉ። የሚያሳፍር ነገር አድርገው አያዩትም ነበር።

ወደ ጫካ ከመውጣታችን በፊት የማይታለፍ ደንብ ነበራቸው። መኪናው አጠገብ ያቆሙንና እያንዳንዳችንን “ምን ፈራህ? ምን ፈራሽ?” ብለው ይጠይቃሉ። መልስ የሌለው ሰው አይሄድም። መጀመሪያ ቀን ተራው ሲደርሰኝ፣ አዲስ ሠራተኛ ነኝ፣ ሴት ነኝ፣ ፈሪ እንዳይሉኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ “ምንም” አልኩ። “እንግዲያው አንቺ ቢሮ ትቆያለሽ” አሉና በሩን ዘጉብኝ። መኪናው አቧራውን አልብሶኝ ሄደ። ያን ቀን በጣም ነው የተናደድኩባቸው። በሚቀጥለው ጊዜ “እባብ እፈራለሁ” አልኩ፤ እውነቴን ነበር። ወዲያው ዞረው የእግሬን ጫማ አዩ፣ ማሰሪያውን አስጠበቁኝና “ግቢ” አሉኝ።

አንድ ጊዜ ብቻችንን ስንሆን ጠየቅኳቸው። እንዲህ የሚፈራ ሰው አንድ ክፉ ነገር ደርሶበት መሆን አለበት ብዬ ጎሽ ወይም ዘንዶ ያለበት ታሪክ ስጠብቅ ነበር።

“ምንም አልደረሰብኝም ዶክተር” አሉ። “ስለምፈራ ነው ያልደረሰብኝ።”

ከሁሉም በላይ የሚፈሩት ግን ማነጣጠሪያ መነጽር ያለውን ጠመንጃ ነበር። ጠመንጃው እኔ ከመምጣቴ በፊት ጀምሮ በብረት ሣጥን ተቆልፎ ዕቃ ቤት የሚቀመጥ ነው። ሰው የሚያጠቃ አውሬ ሲመጣና ግደሉት የሚል ውሳኔ ሲሰጥ ብቻ ይወጣል። እና ዒላማ ይስታል እየተባለ ስሙ ጠፍቶ ነበር። አንዱ ጥይቱ አርጅቷል ይላል፣ ሌላው መስታወቱ ውስጥ ርጥበት ገብቷል ይላል፣ የቦንጋ ዝናብ የማይገባበት ምን አለ ይላል። አንድ ቀን ጋሽ ሻወኖ ከቤታቸው ነጭ አንሶላ አምጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና ጠመንጃውን አስተኙበት። እንደ በሽተኛ እያየሁት አጠገባቸው ቆምኩ።

መነጽሩ ጠመንጃው ጀርባ ላይ የሚቀመጠው በሁለት የብረት ቀለበቶች ነው። የቀለበቱ የታችኛው ግማሽ ከጠመንጃው ጋር ይታሰራል፣ የላይኛው ግማሽ መነጽሩን ከላይ አቅፎ በትንንሽ ብሎኖች ይጠብቃል። ሰው ሁሉ መነጽሩ ሲነቃነቅ ያይና ከላይ ያሉትን ብሎኖች ያጠብቃል። ጋሽ ሻወኖ ግን የላይኞቹን አልነኩም። “ከሥር ነው የምፈራው” አሉ። ቀለበቱ የተቀመጠበትን ብረት በአውራ ጣታቸው ገፋ ሲያደርጉት ሁለታችንም ሰማነው፤ ቀጭን ድምፅ ሰጠ። ላልቶ የነበረው እሱ ነው። ቀለበቱን ሲከፍቱት ደግሞ ውስጡ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ቁራጭ ፌስታል ወጣ። መነጽሩ እንዳይንሸራተት ብሎ አንድ ብልህ ሰው ያደረገው ነው። ብልሁ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ቢሮው ውስጥ ያለ ሁሉ ፌስታል አይቶ የማያውቅ ይመስል ነበር።

ፌስታሉን ጥለው ብረቱን በደረቅ ጨርቅ ወለወሉ። ከዚያ በካቻቢቴ አንዱን ብሎን ትንሽ፣ ማዶ ያለውን ትንሽ እያደረጉ በመስቀለኛ አጠበቁ። በአንድ ወገን ብቻ ከጠበቀ ቀለበቱ ያዘነብላል አሉኝ፤ እጅግ ከጠበቀም መነጽሩን ይጨመድደዋል። በሁለቱም በኩል ያለው ክፍተት እኩል መሆኑን በጥፍራቸው እየለኩ ሲሠሩ ላባቸው አንሶላው ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ሲጨርሱ ብሎኑ ዞሮ እንደሆነ የሚያሳይ ምልክት ፈለጉ። የበር ቀለም ሞከሩ፣ ደርቆ ተላጠ። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ቀይ የጥፍር ቀለም ነበረኝ። ሰጠኋቸው። ከብሎኑ እስከ ቀለበቱ ድረስ ቀጭን ቀይ መስመር አሰመሩ። ብሎኑ ትንሽ እንኳ ከዞረ መስመሩ ይሰበራል። በጣም ደስ አላቸውና ጠርሙሱን በዚያው ኪሳቸው ከተቱት፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም።

“የሳተ ጥይት አያስፈራኝም” አሉኝ ጠመንጃውን ወደ ሣጥኑ ሲመልሱ። “ሙሉ በሙሉ ከሳተ አውሬው ይሸሻል። የሚያስፈራኝ ትንሽ የሳተ ነው።”

ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር። የገባኝ ኅዳር ላይ ነው።

ቡናው በደረሰበት ሰሞን ከማንኪራ ጫካ ማዶ ያለች አንዲት መንደር ውስጥ አንበሳ ገባ። መጀመሪያ ከብት ወሰደ። ከዚያ ቀፎ ሊያወርድ የወጣ አንድ ሰው ገደለ፣ አበራሽ የምትባል ልጅ እግር ሴት ባሏን አጣች። እኛ ስንደርስ ቡናው ዛፉ ላይ ጠቁሮ እየረገፈ ነበር። የሚለቅመው የለም። ሰው ውሃ የሚቀዳው ተሰብስቦ፣ እየጮኸ፣ ቆርቆሮ እየመታ ነው። ውሻዎቹ ከቤት አይወጡም። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ የሚያስጨንቅ መንደር አይቼ አላውቅም። ያች አገር ዝም ስትል ጆሮዬ ውስጥ የራሴ ደም ሲሄድ ይሰማኝ ነበር።

አንበሳው የፊት እግሩን ያነክስ ነበር። ሽማግሌዎቹ እንደነገሩን አንድ ሰው ከዚያ በፊት ተኩሶ አቁስሎታል። ቆስሎ ሚዳቋ ማባረር ሲያቅተው ነው ወደ ሰው የመጣው። ጋሽ ሻወኖ ይህን ሲሰሙ ወደ እኔ ዞሩ። “ትንሽ የሳተ ጥይት” አሉ። እንግዲህ የእኛ ጥይት ሌላ ቁስል ቢጨምርለት፣ ያ ሁሉ ቡና ለቃሚ፣ ያ ሁሉ ቀፎ ሰቃይ ምን እንደሚጠብቀው ለመገመት ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ልንወጣ ስንል እንደ ደንቡ አቆሙን። የመንደሩ ሚሊሻ ተክሌ ክላሹን እንዳነገተ “እኔ ምንም አልፈራም” አለ። ያለ እሱ መንገዱን አናውቀውም፣ በደንቡ ደግሞ ሊቀር ነው። ጋሽ ሻወኖ ቆመው ጠበቁት። ቢቸግረው “እሺ፣ አማቴን እፈራለሁ” አለ። “ይሁን፣ መነሻ ነው” አሉት። እኔ የአንበሳውን ድምፅ እፈራለሁ አልኩ። እሳቸው “ቀለበቱን” አሉ።

አንበሳው የገደለው በሬ ከወደቀበት ገላጣ ዳር አንድ ትልቅ ዛፍ ላይ ማማ ተሠርቶ ነበር፤ ሦስታችን ወጥተን ተቀመጥን። ጋሽ ሻወኖ የቡና ገለባ የሞላ ከረጢት አስወጥተው የጠመንጃውን አፈሙዝ አስደገፉበት። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ እንደማየው ያውቃሉ። “ይንቀጥቀጥ” አሉ በሹክሹክታ። “የሚያርፈው ከረጢቱ ላይ ነው፣ እጄ ላይ አይደለም።”

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ወፎቹ ዝም አሉ። ከዚያ አንበሳው ከቁጥቋጦው ውስጥ ወጣ። ትልቅ ነው። ከማየቴ በፊት የሸተተኝ ይመስለኛል። እያነከሰ መጣ፣ በሬው አጠገብ ቆመ፣ ጎኑን ሰጠን። አሁን ይተኩሳሉ ብዬ ጆሮዬን ያዝኩ።

ጋሽ ሻወኖ ከመተኮሳቸው በፊት እንደ ልማዳቸው በአውራ ጣታቸው ቀለበቱን ነኩት። ጣታቸው ተንሸራተተ። ጣታቸውን ወደ አፍንጫቸው አመጡና አሸተቱ። እንደገና መነጽሩን በሁለት ጣት ይዘው ትንሽ ጠምዘዝ አደረጉት። መነጽሩ ቀለበቱ ውስጥ ዞረ።

ጣታቸውን ወደ እኔ ዘረጉልኝ። ቅቤ ነበር።

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ጠዋት ቁርስ ስንበላ ጠመንጃው ግድግዳው ላይ ተደግፎ ነበር፤ አበራሽ በኮባ ቅጠል ቅቤ ይዛ ስትገባ አይቻታለሁ። በዚያ አገር ለአደን የሚወጣ መሣሪያ በቅቤ ተቀብቶ ተመርቆ ነው የሚወጣው። የድሮ ጠመንጃ ቢሆን ሰደፉን ነበር የምትቀባው። ይሄኛው ግን ዓይን አለው። ባሏን የበላውን አውሬ እንዲያይላት ዓይኑን፣ መነጽሩን ዙሪያውን፣ ቀለበቶቹን በደንብ አድርጋ ቀባችለት። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ቅቤው ቀልጦ በቀለበቱ ስንጥቅ ገባ። ብሎኖቹ አልላሉም፣ ቀይ መስመሮቹ እንዳሉ ናቸው፤ ለዚህ ነው ሲያዩ ያልታያቸው።

ጋሽ ሻወኖ ጠመንጃውን ቀስ ብለው ዝቅ አደረጉት። “አልተኩስም” አሉ። ተክሌ ማመን አልቻለም። ክላሹን ሊያነሣ ሲል እጃቸውን አፈሙዙ ላይ ጭነው “ታቆስለዋለህ” አሉት። ይህ ሁሉ የሆነው በሹክሹክታ ነው፤ ሆኖም አንበሳው ራሱን ከበሬው ቀና አድርጎ ወደ ዛፉ አየ። ወደ እኛ አየ ማለት ይሻላል። ከዚያ ተነሥቶ መጣና ከዛፉ ሥር ቆመ። ማማው ከፍ ያለ አይደለም፤ ሲተነፍስ እሰማዋለሁ። ጋሽ ሻወኖ እጄን ይዘው ነበር።

ምን እንደታሰበው አላውቅም፤ ትቶን ሄደ። የሄደው ግን ወደ መንደሩ ነው። ከዛፉ ላይ ሆነን ውሻዎቹ ሲያላዝኑ ሰማን፣ ከዚያ ድንገት ዝም አሉ። ያን ጊዜ ጋሽ ሻወኖን ጠላኋቸው፤ አልዋሽም። ሰው ከሞተ የእኛ ጥፋት ነው ብዬ አለቀስኩ።

ሰው አልሞተም። አንድ ጥጃ ወሰደ። መንደሩ ግን ሲያየን በአንድ አፍ ጮኸብን። ተክሌ ያየውን ተናገረ፤ አንበሳው ጎኑን ሰጥቶ ቆሞላቸው ሳይተኩሱ ቀሩ አለ። አንድ ሽማግሌ መሬት ላይ ተፉ። አበራሽ ልጇን እንዳዘለች ፊታቸው ቆመች። “ፈሪ ነህ” አለቻቸው፣ አንቱታውን ትታ። “ቀብቼ የሸኘሁት ለዚህ ነው?”

አፌን ልከፍት ነበር። ጋሽ ሻወኖ ክንዴን ጨበጡኝ፣ አመመኝ። “ልክ ነሽ ልጄ” አሏት። “እጄ ተንቀጠቀጠ። ፈራሁ።”

ስለዚያ ሌሊት ብዙ አልጽፍም። የተኛ ሰው አልነበረም። ሲነጋ ያደርንበትን ቤት በር ከውስጥ ዘጉና አንሶላቸውን ዘረጉ። መነጽሩን አውርደው ቀለበቶቹን ፈቱ። ከአከራያችን አረቄ ተቀበልን፤ ከኔ የሐኪም ቦርሳ ጥጥ አወጣሁ። ቅቤው ከየስንጥቁ እስኪወጣ፣ ጥጡ ንጹሕ ሆኖ እስኪመለስ ድረስ ወለወልን። እኔ እይዛለሁ፣ እሳቸው ያጠብቃሉ፤ አንዱን ትንሽ፣ ማዶውን ትንሽ። ከዚያ የኔን የጥፍር ቀለም ከኪሳቸው አውጥተው መስመሩን በአዲስ አሰመሩ። ወንዝ ማዶ ወስደን ጉቶ ላይ ተኮስን። በተኮሱ ቁጥር መጀመሪያ የሚያዩት ጉቶውን ሳይሆን ቀዩን መስመር ነው። የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች ወደ ግራ ወጡ፣ መነጽሩን አስተካከሉ፣ የኋለኞቹ አንድ ላይ ገቡ። መስመሩ አልተሰበረም።

ልንወጣ ስንል አበራሽ አልመጣችም። ጋሽ ሻወኖ ራሳቸው እቤቷ ሄዱ። በር ላይ ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ያ ረጅም ሰውነታቸው እስኪታጠፍ ድረስ ጎንበስ አሉላት።

“ቅቤሽን አምጪ” አሏት። “ጠመንጃው የራሱ ዓይን የለውም። እኔ ባየሁት ነው የሚያየው። እዚህ ቀቢኝ።”

ከዚያ ገብታ አመጣች። ግንባራቸውን፣ ከዚያም የዓይናቸውን ቆብ ቀባቻቸው፣ በአገሯ ቋንቋ በካፊኖኖ እየመረቀች። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው አሜን አሜን ይላሉ። ጠመንጃውን ያን ጊዜ እኔ ነበርኩ የያዝኩት፣ በአንሶላው ጠቅልዬ፣ ማንም እንዳይነካው እንደ ሕፃን አቅፌ።

ማማው ላይ ስንወጣ ተክሌ ጎተተኝ። እሱም ያን ቀን ምን ፈራህ ሲባል አማቱን አልጠራም፤ “ትናንት ከዛፉ ሥር ሲቆም የተሰማኝን” ነበር ያለው። ጋሽ ሻወኖ ደስ ብሏቸው ትከሻውን መቱት። አንበሳው ሲመጣ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። እንደ ትናንቱ ጎኑን ሰጠ። አውራ ጣታቸው ቀለበቱን ነካ፤ አልተንሸራተተም። የእጃቸው መንቀጥቀጥ አልቆመም፣ ላባቸው ቅቤውን እያጠበ በአፍንጫቸው ይወርዳል። ተኮሱ። አንበሳው አንድ ጊዜ ዘለለና ወደቀ፣ ከዚያ በኋላ አልተነሣም።

እኔና ተክሌ ስንተቃቀፍ እሳቸው ጎንበስ ብለው ቀዩን መስመር ሲያዩ ነበር።

መንደሩ ያን ምሽት በፉከራ ተናወጠ። ትናንት የተፉት ሽማግሌ ራሳቸው ቅቤ አናታቸው ላይ አደረጉላቸው። ጋሽ ሻወኖ መሐል ላይ ተቀምጠው ጥርሳቸው ይፋጫል፤ ብርድ ልብስ ቢገኝ ብለው ለመኑ። ፍርሃት የማያውቁ ጀግና የሚለው ወሬ የተነሣው እንግዲህ ከዚያ ነው። ማይክ የያዘው ሰውዬ ከየት እንዳመጣው አውቃለሁ።

ስንመለስ በእግር መንገዱ ላይ ለምን እውነቱን እንዳልተናገሩ ጠየቅኳቸው። እኔ ገና ንዴቱ አልወጣልኝም ነበር፤ ሰው በማያውቀው ነገር ሰደባቸው።

“ባሏን አጣች” አሉኝ። “ምርቃቷንም ልንሣት?”

ቅቤው የት እንደገባ አበራሽ አታውቅም። ከእኔና ከእሳቸው በቀር ያወቀ አልነበረም፣ ተክሌም እጃቸው ተንቀጥቅጦ ነው ብሎ ነው የሚያምነው። ስሟን ለውጬ የጻፍኩትም ለዚህ ነው።

ከዚያ ዓመታት አለፉ፣ ጡረታ ወጡ፣ ኩላሊታቸው ታመመ። ከመሞታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ልጠይቃቸው ቤታቸው ሄድኩ። አልጋው ላይ ሲያዩአቸው አጥንት ብቻ ነበሩ። እትዬ ወርቅነሽ ከራስጌያቸው ተቀምጠው ግንባራቸውን በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጋሉ። ሐኪም ነኝ፣ የማየው ነገር ምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ እና ፈርቻለሁ። ጨዋታ ላመጣ ብዬ “ጋሽ ሻወኖ፣ ምን ፈሩ?” አልኳቸው።

“ምንም” አሉ።

ደነገጥኩ። ከእሳቸው አፍ ያን ቃል ሰምቼ አላውቅም። “እንግዲያው አይሄዱም፣ ደንብ ነው” አልኳቸው። እትዬ ወርቅነሽ ሳቁ፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ውሃ ሊያመጡ ወጡ።

በሩ ገጠም ሲል ጋሽ ሻወኖ በጣታቸው ጠሩኝ። ጆሮዬን አፋቸው ላይ አደረግኩ።

“ዋሸሁ ዶክተር” አሉ። “እሷ ስላለች ነው።”

“ምኑን ነው የፈሩት?”

“መንገዱን። ቀድሜ አላየሁትም። አይቶ የነገረኝም የለም።”

የሚጠብቅ ብሎን የለ፣ የሚወለወል ቅቤ የለ። እንደዚያ ቀን ማማው ላይ እጃቸውን ያዝኩ። አለቀስኩ። እሳቸው ግን ትንሽ ፈገግ አሉ።

“ፈርቻለሁ” አሉ። “እንግዲህ መሄድ እችላለሁ።”

እትዬ ወርቅነሽ ውሃውን ይዘው ሲገቡ እንባዬን አዩ። አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን እያዩ ምን ስታወሩ ነበር ብለው ጠየቁ።

“ስለ ቀለበቱ” አሉ ጋሽ ሻወኖ።